የቪሳት (የሳተላይት ኢንተርኔት) ክፍያ ከአቅም በላይ ሆነ፤ ጎጃም ውስጥ ሦስት ጣቢያ ይዘን ወጪውን እንዴት እንቀንስ?

ቡሬ_አይቲ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጠይቀው እህልና የቅባት እህል ለሚነግድ ድርጅት ነው። ዋናው ቢሮ ባሕር ዳር ሆኖ በፋይበር ይሠራል፤ እሱ ላይ ችግር የለም። ራስ ምታት የሆኑት ሦስቱ ጣቢያዎች ናቸው፦ ቡሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው መጋዘንና ማበጠሪያ፣ ጃዊ ያለው የሰሊጥ እርሻ እና ሰከላ ያለው የገብስ መግዣ። ሦስቱም በቪሳት ነው የሚገናኙት።

ቡሬና ሰከላ እያንዳንዳቸው 2 ሜጋ ቢት ዳውንሎድና 512 ኪሎ ቢት አፕሎድ፣ በ1 ለ10 የሚጋራ መስመር አላቸው፤ ወርኃዊ ክፍያው ቁርጥ ነው። የጃዊው በመጠን ነው፦ በወር 60 ጊጋ፣ ከዚያ በላይ ለየጊጋው ተጨማሪ ይከፈላል። 60ው ጊጋ ወሩ በገባ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ውሎቹ ሁሉ በዶላር የተተመኑ ናቸው፤ የምንከፍለው በዕለቱ ምንዛሪ በብር ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ከሐምሌ 2016 በፊት የተፈረመ ውል ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ።

በዚህ ላይ ክረምት ሲገባ መስመሩ ይንቀራፈፋል። አቅራቢው «ወደ 4 ሜጋ እደጉ» ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ግማሹን ቀንስ» ይላል። በየጣቢያው ከ8 እስከ 12 ኮምፒውተር፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙ)፣ ኢሜይል፣ የጥበቃ ካሜራ እና የሠራተኛው ስልክ አለ። ራውተሩ ሚክሮቲክ ሄክስ ነው። ከየት ልጀምር?

ኔትወርክ_ባሕርዳር

ወንድሜ፣ ሥራ አስኪያጁም አቅራቢውም ሳይለኩ ነው የሚናገሩት። መጀመሪያ መስመሩን ማን እንደሚበላው ይታወቅ፤ መጨመሩም መቀነሱም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ ስሌት ያዙ። 1 ሜጋ ቢት መስመር ሌት ተቀን ሞልቶ ቢሠራ በቀን 10.8 ጊጋ ባይት፣ በ30 ቀን 324 ጊጋ ይሸከማል። የቡሬው 2 ሜጋ ከ640 ጊጋ በላይ ማለት ነው። የአሥር ኮምፒውተር ሒሳብ፣ ኢሜይልና የባንክ ገጽ ይህን አጠገቡም አይደርስም። ወደ ጃዊ ስንመጣ 60 ጊጋ በ30 ቀን ሲካፈል በቀን 2 ጊጋ ነው፤ በሰከንድ ሲመነዘር 185 ኪሎ ቢት ገደማ። ስለዚህ ከጀርባ ሆኖ 370 ኪሎ ቢት ያለማቋረጥ የሚስብ አንድ ነገር ብቻ ካለ ጥቅሉን በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። እናንተ የገለጻችሁትም ይህንኑ ነው። የሰው አጠቃቀም እንዲህ ወጥ አይሆንም፤ እኔ የምጠረጥረው አንድ የተረሳ ማሽን ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፋየርዎል ውስጥ «ፊልተር ሩልስ» ላይ ያለውን የፋስትትራክ ደንብ (ትራፊኩን በአቋራጭ የሚያሳልፈውን) አጥፉ። ሚክሮቲክ ከፋብሪካ ሲመጣ አብርቶት ነው የሚመጣው። በፋስትትራክ የሚያልፍ ግንኙነት ኪውን (ትራፊክ የሚቆጠርበትንና የሚገደብበትን ሰልፍ) እየዘለለ ስለሚሄድ፣ ኪው ሠርታችሁ ለውጥ የማታዩት በእሱ ምክንያት ነው። ለ2 ሜጋ መስመር ሄክስ ያለ ፋስትትራክም አይጨነቅም። ቀጥሎ «ቱልስ» ውስጥ «ቶርች»ን (በዚያ ቅጽበት ማን ስንት እንደሚስብ የሚያሳየውን) ክፈቱና ኢንተርፌሱን የውስጡን ብሪጅ (የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን) አድርጉ። የውጭውን ከመረጣችሁ ናት ከተደረገ (የሁሉም አድራሻ ወደ አንድ ከተለወጠ) በኋላ ያለውን ስለሚያሳይ ሁሉም በአንድ አይፒ ስም ይመጣል፤ ማን እንደሆነ አይለይም። በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች እዩት፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት። ብዙውን የሚናገረው የሌሊቱ ነው፤ ቢሮው ተዘግቶ እያለ የሚሄድ ትራፊክ ሠራተኛ የሚጠቀመው አይደለም።

ከዚያ ለየኮምፒውተሩ በዲኤችሲፒ ሊዝ (ራውተሩ አድራሻ በሚያድልበት ዝርዝር) ቋሚ አይፒ ስጡና ገደብ የሌለው «ሲምፕል ኪው» ክፈቱለት። የፍጥነት ገደብ ባይኖረውም ያሳለፈውን ባይት ይቆጥራል። አንድ ሳምንት ቆጥሮ ሲያበቃ ማን ስንት ጊጋ እንደወሰደ ከፊታችሁ ይሆናል። ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበውም ይኸው ሰንጠረዥ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። የዊንዶውስ አፕዴት አንዱ ነው፤ የወሩ ጥቅል ለአንድ ኮምፒውተር በመቶዎች ሜጋ ባይት ስለሆነ በ12 ሲባዛ ብዙ ጊጋ ይሆናል። ጎግል ድራይቭና ዋን ድራይቭ ፋይል በተነካ ቁጥር ይሰቅላሉ። የሠራተኛ ስልክ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጎግል ፎቶስ ይልካል። ቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ የተለቀቀ ቪዲዮ ሳይከፈትም ራሱ ይወርዳል። ካሜራም አለ፤ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ኢተርኔት ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን»ን (መስመሩ በመጠን የሚከፈልበት ነው የሚለውን) አብሩ። በዋይፋይ ለሚገናኙት በዋይፋዩ ስም ሥር ለየብቻ ይበራል፤ አንዱን ማብራት ሌላውን አያበራም። ይህ ሲበራ የደህንነት ማስተካከያውም እንደሚዘገይ ግን አትርሱ። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ከፋይበሩ ላይ ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ጥቅሉን አውርዳችሁ በኤክስተርናል ዲስክ ላኩ፤ መኪና ወደ ጣቢያው መመላለሱ አይቀርም። የዊንዶውሱ ስሪት ቁጥር ከጥቅሉ ጋር መግጠሙን ሳታዩ እንዳትልኩ፤ ካልገጠመ «ለዚህ ኮምፒውተር አይሆንም» ብሎ ይመልሳችኋል፤ ጉዞው በከንቱ ይቀራል።

አሁን ኪው። ዳውንሎዱን በ1.8 ሜጋ፣ አፕሎዱን በ480 ኪሎ ቢት ገድቡ፤ ከውሉ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ማለት ነው። ሰልፉ በእናንተ ራውተር ላይ ካልተሠራ በሞደሙ ወይም በአቅራቢው ጣቢያ ይሠራል፤ እዚያ ደግሞ የእናንተን ቅደም ተከተል የሚያውቅ የለም። መስመሩ የሚጋራ ስለሆነ በሥራ ሰዓት በተጨባጭ የሚገኘው 1.2 ሜጋ ከሆነ ጣራውን 1.1 አድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትሂዱ። በዚህ ሥር ሪሞት ዴስክቶፕ (የሌላ ቦታ ኮምፒውተርን ከሩቅ መጠቀሚያው) እና ኢሜይል ቅድሚያ 1 ይሁኑ፤ የቀረው ሁሉ ቅድሚያ 8 ሆኖ በፒሲኪው (መስመሩን ለየተጠቃሚው በሚያካፍለው ኪው) እኩል ይካፈል። የሠራተኛ ስልክ በሌላ ዋይፋይ ስም ይለይና ሁሉም በአንድ ላይ ከ256 ኪሎ ቢት አይለፍ። የ«ሊሚት አት» (ለየኪው የሚጠበቅለት ዝቅተኛ ፍጥነት) ድምር ከላይኛው ጣራ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ከበለጠ ቅድሚያ የሚባለው ነገር ይፈርሳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ልጨምር፦ ዩዲፒ ፖርት 443ን ወደ ሳተላይቱ እንዳይወጣ ዝጉ። ቲሲፒና ዩዲፒ ዳታ የሚጓዝባቸው ሁለት ዓይነት መንገዶች ናቸው። የቪሳት ሞደሞች ቲሲፒን የሚያፋጥን ዘዴ ውስጣቸው አለ፤ ክሮምና ዩቲዩብ የሚጠቀሙበት ኩዊክ የሚባለው መንገድ ግን በዩዲፒ ስለሚሄድ ያንን ማፋጠኛ ያልፈዋል። ሲዘጋ አሳሹ ራሱ ወደ ቲሲፒ ይመለሳል፤ ተጠቃሚው የሚያጣው ነገር የለም። ሁለተኛ ጥቅሙ፣ በሚክሮቲክ «ቲኤልኤስ ሆስት» የቲክቶክንና የዩቲዩብን ስም ለይቶ መገደብ የሚቻለው በቲሲፒ ሲመጡ ነው።

ስኩዊድ ካሽ (አንዴ የወረደ ገጽን አስቀምጦ ለሌላውም የሚሰጥ ፕሮግራም) ትከሉ የሚል ምክር ቢመጣ አትድከሙበት። ዛሬ ገጹ ሁሉ ተመስጥሮ ስለሚመጣ ካሹ የሚያስቀምጠው ነገር አያገኝም።

የሒሳብ_ሰው

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ በፒችትሪውና በውሉ በኩል ልምጣ።

ፒችትሪው እንዴት ነው የሚሠራው? የዳታ ፎልደሩ ባሕር ዳር ሰርቨር ላይ ሆኖ ጣቢያዎቹ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ድራይቭ አድርገው የሚከፍቱት ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙት። ፒችትሪ አንድ ደረሰኝ ለመክፈት ከፋይሉ ጋር ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንድ ምልልስ 600 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መቶ ምልልስ አንድ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፤ ይህን 4 ሜጋም 10 ሜጋም አያስተካክለውም። ከዚህ የባሰው ግን መስመሩ መሀል ላይ ሲቆረጥ የዳታ ፋይሉ መበላሸቱ ነው። መፍትሔው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው፦ ፒችትሪው ባሕር ዳር ይሠራል፣ ወደ ጣቢያው የሚመጣው ስክሪኑ ብቻ ነው። ቀለሙን 16 ቢት አድርጉ፣ የጀርባ ሥዕሉን አጥፉ፣ የአታሚና የድምፅ ማጋራቱን ካላስፈለገ ዝጉ። እንዲህ ከሆነ ለአንድ ሰው ከ100 እስከ 200 ኪሎ ቢት ይበቃዋል። ሲጽፉ ፊደሉ ትንሽ ዘግይቶ እንደሚመጣ ለሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ የሚከፈለው ለ«2 ሜጋ» ይመስላል እንጂ ዋናው ቁጥር ሁለተኛው ነው። 2 ሜጋ በ1 ለ10 ማለት ሁሉም ተጋሪ በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚቀራችሁ 200 ኪሎ ቢት ነው። 1 ሜጋ በ1 ለ4 ቢሆን 250 ይሆናል። የፊተኛው ቁጥር በግማሽ ወርዶ በሥራ ሰዓት የምታገኙት ይበልጣል! ስለዚህ የየአቅራቢውን የወር ዋጋ በዚህ ዋስትና ባለው ኪሎ ቢት አካፍሉና አወዳድሩ። «እስከ» የሚል ቃል ያለበትን ፍጥነት ለውድድር አትጠቀሙ።

ሦስቱ ጣቢያ ለየብቻ ከመግዛት አንድ የጋራ ቋት ጠይቁ። ሰሊጥ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው የሚያጣድፈው፤ የገብሱ ግዢ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጃዊ ሲያርፍ የእሱ ድርሻ ወደ ሰከላ ይሂድ። ቋት የማይሰጥ ከሆነ በወቅት የሚጨምርና የሚቀንስ ውል ይኑር፤ ከፍና ዝቅ ሲደረግ ቅጣት እንደሌለው በጽሑፍ ይቀመጥ።

ስለ ዶላሩ፦ 1,000 ዶላር የሚል ውል በ57 ሲመነዘር 57,000 ብር ነበር፤ በ130 ሲመነዘር 130,000 ብር ይሆናል። አገልግሎቱ ግን ያው ነው። የሳተላይቱ ኪራይ ለአቅራቢውም በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል «ሙሉ በሙሉ በብር ይሁን» ብትሉ እሺ ላይል ይችላል። የሚያዋጣው ክርክር ክፍያውን ለሁለት መከፋፈል ነው፦ የሳተላይት አቅሙ በዶላር ይቀጥል፤ የጥገና፣ የድጋፍና የዕቃ ኪራይ ክፍሉ ግን አገር ውስጥ በብር የሚሠራ ሥራ ስለሆነ በብር ይተመን። ምንዛሪው የየትኛው ባንክና የየትኛው ቀን እንደሆነ በስም ይጻፍ፤ ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀንና የተከፈለበት ቀን በወራት ሲራራቁ ልዩነቱን የሚሸከመው ሳይታወቅ ይቀራል። ዋጋው 15 በመቶውን ቫት ይጨምር አይጨምር አረጋግጡ፤ ሁለት አቅራቢ ስታወዳድሩ አንዱ ከነቫቱ ሌላው ያለ ቫት ጽፎ ከሆነ ርካሹን ውድ አድርጋችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

አቅራቢ ለመቀየር ካሰባችሁ ደግሞ ሞደሙን ቀድማችሁ እዩ። የአይዳይሬክት ሞደም ከሂዩዝ ጣቢያ ጋር አይናገርም፤ ሌላው ሠሪ ጊላትም እንደዚያው። ዲሹ ሊያገለግል ይችላል፤ ሞደሙና ምናልባትም ላይኛው ማሠራጫ ግን አዲስ ይገዛል። ያ ወጪ ከወር ቅናሹ ጋር ሳይነጻጸር ውል አይቋረጥ።

ደጋ_ዳሞት

ቡሬ ላይ ሳተላይት ምን ያደርግላችኋል? ከተማው ፋይበር አለው። መጋዘናችሁ ከከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ተራራ ካልከለለ በ5 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ አገናኙትና ቪሳቱን መልሱ። ሰከላና ጃዊም 4ጂ ካለ በ4ጂ ይሂዱ። ሳተላይት ሌላ መንገድ ለሌለው ነው።

ማርቆስ_ራዲዮ

ደጋ ዳሞት ያለው ግማሹ ልክ ነው፤ ሌላው ግማሽ ላይ አልስማማም። በምድር የሚሄድ መንገድ ባለበት ዋናው ሥራ በእሱ ይሂድ። ቪሳቱን ነቅሎ መመለስ ግን ለንግድ ድርጅት አደጋ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው ነው። ፋይበርም መንገድ ሲቆፈር ይበጠሳል። ቪሳቱ ወደ ትንሹ ጥቅል ይውረድና ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጥ።

ሬዲዮው ለቡሬ እንዲህ ይታሰባል። 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በ5.8 ጊጋ ኸርዝ፣ መሀል ላይ የፍሬኔል ዞን የሚባለው ክፍት ቦታ ራዲየሱ 11.4 ሜትር ገደማ ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም ወደ 7 ሜትር፣ ከመስመሩ በታች ነፃ መሆን አለበት። በዚያ ላይ የምድር ጉብታ 1.5 ሜትር ይጨመራል። በዓይን መተያየት ብቻውን አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው። መሀል ላይ ባሕር ዛፍ ካለ የዛሬውን ቁመት ሳይሆን የአምስት ዓመት በኋላውን አስቡ፤ ጎጃም ውስጥ ብዙ ሊንክ የሚሞተው በባሕር ዛፍ ነው። በጋ ላይ የተተከለ ሊንክ ክረምት ላይ ቅጠሉ ረጥቦ ሲከብድ ይወርዳል። ለመትከልም ለድግግሞሹም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዝቅተኛ ምህዋር ወደ 550 ኪሎ ሜትር ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ጋር የሚሠራ ዲሽ ከውጭ አምጥታችሁ ያለ ፈቃድ ለመትከል ካሰባችሁም አይሆንም፤ ዕቃው ቢያዝ ገንዘቡም ሥራውም ይቀራል።

ለ4ጂ ደግሞ ስልክ አውጥቶ «ሁለት ምልክት አለው» ማለት መለካት አይደለም። አር ኤስ አር ፒ የሚባለውን ቁጥር (የሲግናሉን ጥንካሬ) እዩ፤ ከ−100 ሲሻል ጥሩ ነው፣ ከ−110 ሲብስ አትመኑት። ሲንር የሚባለው (ሲግናሉ ከረብሻው የሚበልጥበት መጠን) ከ10 በላይ ይሁን። ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ውጫዊ ራውተር ግዙና በኔትወርክ ኬብል አውርዱት፤ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ራውተሩን ከቤት አስቀምጦ ረጅም የአንቴና ኬብል መጎተት ግን ያገኛችሁትን ሲግናል ኬብሉ ውስጥ ይበላዋል።

ሁለቱን መንገድ ስታገናኙ ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚበላሸው። አንደኛው፣ ሚክሮቲኩ የ4ጂው ራውተር ሕያው መሆኑን ብቻ እየጠየቀ ኢንተርኔቱ ሞቶ እያለ «አለ» ይላል። መንገዱን በሩቅ አድራሻ፣ ለምሳሌ በ8.8.8.8 በኩል፣ እንዲፈትሽ አድርጉት፤ ያ አድራሻ ደግሞ በ4ጂው ብቻ እንዲወጣ ቋሚ መንገድ ይሠራለት። ሁለተኛው የገንዘብ ነው፦ 4ጂው ሲቆረጥ የሠራተኛው ቪዲዮ ሁሉ ተገልብጦ ሳተላይቱ ላይ ይወድቃል። ጃዊ እንደዚያ ከሆነ 60ው ጊጋ በሁለትና በሦስት ቀን ይሄዳል። ወደ ሳተላይቱ የሚወጣውን በፋየርዎል ለሪሞት ዴስክቶፑ፣ ለኢሜይሉና ለባንኩ ብቻ ክፈቱ፤ የቀረው ይጣል።

የክረምቱን ጉዳይ ሳልረሳ፦ መስመራችሁ ኩ ባንድ (አንዱ የሳተላይት ድግግሞሽ ክልል) ከሆነ ከባድ ዝናብ ሲግናሉን ያዳክመዋል፤ ሞደሙም መስመሩ እንዳይቆረጥ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል። ይህ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ፣ ሰማዩ ጠርቶም ከቀጠለ ግን ዝናብ አይደለም፤ ዲሹ ተንቀሳቅሷል ወይም ኮኔክተሩ ውኃ ገብቶበታል። 4 ሜጋ መግዛት ይህን አይፈታውም። የሞደሙን ገጽ ክፈቱና በጠራ ቀን ያለውን ኤስ ኤን አር (ሲግናሉ ከጫጫታው የሚበልጥበት መጠን፣ በዲቢ የሚለካ) ከተከላው ቀን ወረቀት ጋር አስተያዩ። ከ1.5 ወይም ከ2 ዲቢ በላይ ከወረደ ባለሙያ ይጠራ። በመጋቢት መጀመሪያና በመስከረም አጋማሽ ግን ለጥቂት ቀናት፣ በቀን ለጥቂት ደቂቃ በአንድ ሰዓት ላይ ቢቆረጥ አትደንግጡ፤ ፀሐይዋ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምትገባ ነው።

ቡሬ_አይቲ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ለክተናል፤ ውጤቱ ይኸውላችሁ።

ቡሬ ሌሊት 8 ሰዓት፦ አፕሎድ 490 ኪሎ ቢት ሞልቶ ይሄዳል፤ ምንጩ የካሜራው መቅጃ ነው። አራት ካሜራ አለው። ጃዊ፦ የመጋዘን ኃላፊው ኮምፒውተር ብቻውን ከግማሽ በላይ ወስዷል፤ ጎግል ድራይቭ ሙሉ ዲ ድራይቩን እየሰቀለ ነው። ሰከላ፦ ትራፊኩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ኤስ ኤን አሩ በጠራ ቀን 6.1 ነው፤ የተከላው ወረቀት ላይ 9.4 ይላል። ከቡሬ መጋዘን እስከ ከተማው 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ይተያያል። ፒችትሪው እንደተባለው በቪፒኤን ድራይቭ ነበር።

ኔትወርክ_ባሕርዳር

የቡሬው ነገር እንግዲህ ተገኘ። አፕሎዱ ሲሞላ ዳውንሎዱም አብሮ ይሞታል፤ ምክንያቱም አንድ ገጽ ሲወርድ ኮምፒውተሩ «ደረሰኝ» የሚል ትንሽ መልስ መላክ አለበት፤ ያ መልስ ከካሜራው ኋላ ተሰልፎ ይቀራል። ሠራተኛው «2 ሜጋው ዘገየ» የሚለው 512ቱ ስለታፈነ ነው።

መቅጃው ላይ ገብታችሁ የክላውድ ቅጂውን አጥፉ። ከሩቅ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ በንዑሱ ሥዕል ይይ፤ ጥራቱ 352 በ288፣ በሰከንድ 6 ፍሬም፣ ከ100 ኪሎ ቢት ያልበለጠ። ዋናው ቅጂ እዚያው ዲስክ ላይ ይቅር። ካሜራው 2 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ከሆነ አራቱ በቀን 86 ጊጋ ይሞላሉ፤ 2 ቴራ ዲስክ 23 ቀን ያህል ይይዛል። ኤች 265 (ቪዲዮን ይበልጥ የሚጨምቅ አሠራር) ካለው እሱን ምረጡ፤ ቀኑን በእጥፍ ገደማ ያስረዝመዋል። ስልክ ላይ የተተወ የካሜራ መተግበሪያ ሲከፈት ብቻ እንዲስብ እንጂ ሁሌም ተያይዞ እንዳይቆይ አረጋግጡ። መቅጃውን በፋየርዎል ወደ ውጭ መዝጋትና ቪፒኤን ለሚገባ ሰው ብቻ መክፈት ይሻላል፤ ለደህንነቱም እንዲሁ።

ጃዊ ላይ ድራይቩ ከሚያመሳስለው ውስጥ ዲ ድራይቭን አስወጡና የሥራ ሰነድ ያለበትን አንድ ፎልደር ብቻ ተዉ። ሴቲንጉ ውስጥ የአፕሎድ ገደብ አለው፤ 10 ኪሎ ባይት በሰከንድ አድርጉት። የሚጽፈው በኪሎ ባይት መሆኑን ልብ በሉ፤ 10 ማለት 80 ኪሎ ቢት ነው።

እነዚህን ሁለቱን ካጠፋችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ደግማችሁ ቁጠሩ። ስለ ጥቅል መጠን ከአቅራቢው ጋር የምትነጋገሩት በዚያኛው ቁጥር ነው፤ የአሁኑን ካቀረባችሁ የካሜራውን ሸክም እንደ ሥራ ቆጥረው ይሸጡላችኋል።

የሒሳብ_ሰው

ሰከላ ሳይጠገን በፊት ለአቅራቢው በደብዳቤ አሳውቁ፤ የ9.4ቱን ወረቀትና የ6.1ዱን ፎቶ አያይዙ። ዕቃው የእነሱ ከሆነና ጥገናው በውሉ ውስጥ ካለ ወጪው የእነሱ ነው። የአገልግሎት ዋስትና አንቀጽ ካላችሁ ባልተገኘው ፍጥነት ልክ የሚቀነስ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ያ የሚታሰበው ግን በጽሑፍ ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስልክ ደውሎ መናገር ማስረጃ አይሆንም።

ማርቆስ_ራዲዮ

ሰከላ 3.3 ዲቢ ወርዷል፤ ይህ የሲግናሉ ኃይል ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ሞደሙ በዝቅተኛው አሠራር ላይ ስለሚውል ትንሽ ዳመና ሲመጣ ይንቀራፈፋል። ዕቃው የእናንተ ከሆነና ጥገናውን ራሳችሁ የምታሠሩ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

ሞደሙን ከኃይል ንቀሉ፤ ከዚያ ነው ኬብል የሚነካው። ሞደሙ በኬብሉ ውስጥ ለላይኛው ማሠራጫ የኤሌክትሪክ ኃይል ይልካል፣ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት፤ በርቶ እያለ ሲፈታ የመሀሉ ሽቦ ከዳሩ ጋር ከነካካ ሞደሙ ይቃጠላል። በርቶ እያለም ከፊዱ (ከዲሹ ፊት ያለው የሲግናል መላኪያና መቀበያ አፍ) ፊት ማንም አይቁም።

ዲሹ ጋ ያሉትን ሁለቱን ኤፍ ኮኔክተር ፍቱ። የመሀሉ መዳብ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ነጩ ፎም ውስጥ እርጥበት ካለ ኬብሉን አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቁረጡት፤ ውኃው በሽቦው መረብ ውስጥ እየተሳበ ስለሚሄድ ጫፉን ብቻ መቀየር አይጠቅምም። እዚያም ጥቁር ከሆነ ሙሉ ኬብሉ ይለወጥ። አዲሱ ኮኔክተር በመጭመቂያ የሚታሰር ይሁን፤ በእጅ የሚጠመዘዘው ለክረምት አይሆንም። የመሀሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ አፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ። ካሰራችሁ በኋላ ራሱን በራሱ የሚያጣብቀውን የላስቲክ ቴፕ እየሳባችሁ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሙ፤ በላዩ ተራ ጥቁር ቴፕ ይደረብ፣ ያለዚያ ፀሐይ ላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ይንጠልጠል፤ ዝናቡ ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይከተልም።

የፊዱን ፕላስቲክ ሽፋንም እዩ። በረዶ ሰንጥቆት ወይም ተርብ ጎጆ ሠርቶበት ከሆነ ከኮኔክተሩ እኩል ይጎዳል። የምድር ሽቦው መታሰሩን አረጋግጡ፤ ያ ደጋ መብረቅ ይበዛበታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኤስ ኤን አሩ 9 አካባቢ ካልተመለሰ ዲሹ ዞሯል። አቅጣጫውን ራሳችሁ አትንኩ፤ ሲስተካከል ከአቅራቢው ጣቢያ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ የመላኪያው ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) መፈተሽ አለበት፤ ያለዚያ የእናንተ ሲግናል የሌላ ደንበኛ መስመር ይረብሽና ይዘጉባችኋል። ሲያልቅ አዲሱን ቁጥርና ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ የሞደሙ ካቢኔት በር ላይ ከውስጥ ለጥፉት።